የቀረችው ፊደል

በሩን የከፈቱት ሰው ያቺን ግራጫ ቆባቸውን ስላላደረጉ መጀመሪያ አላወቀቻቸውም። ያየችው ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ጺማቸውን ሙልጭ አድርገው የተላጩ፣ በገዛ ደጃቸው የቆሙ ባለጠጋ ነበር። መንገዱን ሙሉ ስታሰላስለው የመጣችው ነገር፣ ምን ብዬ ሰላም ልበል፣ እጄን ላስቀድም ወይስ አንገቴን፣ ገና ከአፏ ሳይወጣ ዓይኖቻቸውን አየች።

እሳቸውም አዩዋት።

«የኔ...» አሉ። ቃሉ ሳያስቡት ነው ያመለጣቸው። ቀሪውን ዋጡት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

ከኋላዋ የቆመው መሐንዲስ ለዚህች ቀን ስንት ወር ሙሉ አባቱን ሲለምን ኖሯል። «አባዬ፣ ይኸው መጣች!» አለ እየሳቀ። ከዚያ የአባቱን ፊት አየ። ከዚያ የእሷን። ሳቁ ከንፈሩ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ትተዋወቃላችሁ እንዴ?»

«አላውቃትም» አሉ አባትየው።

ድፍን አድርገው ነው ያሉት፤ እንደ መዝጊያ። ልጅቷ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። ከዚያ የራሷን ድምፅ የሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ ከሩቅ ሰማችው፦

«እኔም አላውቃቸውም።»

*

ውሸቷን ነበር። ከገዛ አባቷ ቀጥሎ ልባቸውን የምታውቀው ሽማግሌ ቢኖር እኚህ ነበሩ።

ሰው ሁሉ የሚጠራት «ቁምነገር» እያለ ነው። በልጅነቷ ሌላው በሳቅ ሲፈርስ እሷ «ምኑ ነው የሚያስቀው?» ብላ ትጠይቅ ስለነበር የወጣላት ስም ነው፤ አድጋም አልለቀቃት። ሥራዋ መጋረጃና የአልጋ ልብስ መስፋት ነው። ከሥራ ስትወጣ ደግሞ እግሯ የሚወስዳት ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ነው። ቤቱ አርጅቷል፤ ሠራተኛው ጥቂት፣ መደርደሪያው ወልጋዳ ነው። ደግፈው ያቆሙት «የቤተ መጻሕፍቱ ወዳጆች» የሚባሉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ማኅበሩን የሚመሩት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ አንድ ሰዓት ጠጋኝ አለ፣ ሁለት መምህራን አሉ፣ ጸጉሯን ሁልጊዜ በእርሳስ የምታሲዝ አንዲት የባንክ ሠራተኛ አለች። የተገነጠለ መጽሐፍ ይሰፋሉ፣ አቧራ ያራግፋሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሕፃናት ጮክ ብለው ያነባሉ። መሐንዲሱም የመጣው ጣሪያው ሲያፈስ እንዲያይላቸው ጠርተውት ነው። ጣሪያውን አበጀ፤ እሱ ግን ቀረ። ለምን እንደቀረ ከቁምነገር በስተቀር ሁሉም ወዲያው ገብቷቸው ነበር።

እሷ መጀመሪያ የመጣችው መጽሐፍ ልትሰፋ ነበር። በኋላ ግን አዋላጇ ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ ባለችው ጓዳ ውስጥ ማንበብ ያልተማሩ ጎልማሶችን እንድታስተምር አደረጓት። ጓዳዋ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ብትይዝ ነው። ሕጓም አጭር ናት፦ ስም አይጠየቅም፣ እዚያ የተሰማ ነገር እዚያው ይቀራል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው የደፉ፣ ያረጀ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ገቡ። «ጡረታ የወጣሁ ሾፌር ነኝ» አሉ። እርሳስ ሲይዙ ላብ ያጠምቃቸዋል። የደረት ኪሳቸው ውስጥ መነጽር አለ፤ አንድ ቀን አውጥተው እያሳዩዋት ሳቁ፦ «ይቺ ለማየት አይደለችም። ሰው ወረቀት ሲሰጠኝ 'ውይ፣ መነጽሬን ረሳሁ' የምልባት ናት።» እሷን የሚጠሯት «የኔታ» እያሉ ነው። ልጃቸው የምትሆን ልጅ ፊት ቁጭ ብለው «የኔታ፣ ዛሬ እንዳይገርፉኝ» ሲሉ፣ በማንም ቀልድ የማትስቀው ቁምነገር ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ አለቀሱ። «ሚስቴ አታውቅም። ልጄ አያውቅም። እዚህ የተቀመጥኩት ሰው ሆኜ ልሙት ብዬ ነው። ከዚህች ክፍል አንዲት ቃል ብትወጣ፣ የኔታ፣ እኔ የለሁም ማለት ነው።» እሷም እጇን አንስታ ማለችላቸው።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። በቅርቡ «የኔታ፣ ልጄ የማትመጥነውን ሴት ወድዶ ቤቱን በጠበጠው። ምን ትይኛለሽ?» ብለዋት ነበር። «አይተዋታል?» አለቻቸው። «ለምን ብዬ አያታለሁ?» «እንግዲያው ምሳ ይጥሯትና ይዩዋት። ሳያዩ አይፍረዱባት።»

ለካ የራሷን ምሳ ያስጠራችው ራሷ ናት። የጭነት መኪናዎቹ ሁሉ ባለቤት፣ ስሟ በተነሳ ቁጥር «የጎማ ጠጋኝ ልጅ ደጄን አትረግጥም» የሚሉት የመሐንዲሱ አባትና የጓዳዋ ተማሪ አንድ ሰው መሆናቸውን ያወቀችው አሁን፣ ደጃፉ ላይ ነው።

*

ምሳ ቀረበ።

እናትየው ዝምተኛና ቀጭን ሴት ናቸው፤ ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ አይልም። ሳህኗን እየሞሉ «ብዪ እንጂ ልጄ» ይሏታል። ዓይናቸው ግን ከባላቸው ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ባላቸው ይመላለሳል። ቁምነገር የሚያርፍበት ነገር ሲጠፋት መስኮቱን አየች። መጋረጃውን አወቀችው። የታችኛውን ጠርዝ ሁለት ጊዜ አጥፋ የሰፋችው ራሷ ናት።

«ወደድሽው?» አሉ እናትየው ዓይኗን ተከትለው። «እኔም ደስ ይለኛል። ሰፊው ማን እንደሆነ እንጃ እንጂ እጁ ልዩ ነው።»

«እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ እማማ።»

መሐንዲሱ በኩራት ቀና ለማለት ሞከረ። አባትየው ግን ማንኪያቸውን ሳህኑ ላይ ጣል አደረጉት።

«አባትሽ የት ነው የሚሠራው?»

«መናኸሪያው ማዶ።»

«ጎማ ነው የሚጠግነው?»

«አዎ። ጎማ ነው የሚጠግነው።»

«እንግዲህ እኔ ከመኪና ሥር የወጣሁት ልጄ ተመልሶ እንዲገባበት አይደለም።» ይህን ያሉት ለእሷ አይደለም፤ ለሳህናቸው ነው። ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም።

ቁምነገር ያንን አፍ ተመለከተችው። በዚያው ሳምንት «ለ» እና «ሰ» ተምታተውበት እንደ ሕፃን የሳቀ አፍ ነው። «የኔታ፣ አንቺን የወለደ አባት ታድሏል» ያለ አፍ ነው። የምታውቃቸውን ሽማግሌ እዚያ ፊት ላይ ፈለገች፣ ፈለገች፤ አጣቻቸው። ሰው ሳይሞት እንዲህ ይጠፋል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

*

መሐንዲሱ በመኪናው እስከ ሰፈሯ መዳረሻ አደረሳት። ጥግ ይዞ አቆመና ሞተሩን አጠፋ።

«ከየት ነው የምትተዋወቁት?»

«እሳቸው ምን አሉህ?»

«አንቺን ነው የጠየቅኩት።»

«ልነግርህ አልችልም።»

«አልችልም ነው ወይስ አልፈልግም?»

«አልችልም። እመነኝ፣ ብችል ኖሮ...»

ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም። «'የኔ' አለሽ። በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። አባቴ እናቴን እንኳ 'የኔ' ብሎ ጠርቶ አያውቅም። አንድ ትልቅ ሰው አንዲት ወጣት ሴት ደጁ ላይ ሲያይ 'የኔ' ብሎ ጀምሮ፣ ደንግጦ፣ ልጁን አይቶ ዝም የሚለው መቼ ነው? አንቺ ንገሪኝ።»

መጀመሪያ አልገባትም። እውነትም ምን እንደሚል አልገባትም። ሲገባት ግን ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

«ምን እያልክ ነው?»

«ምን እያልኩ እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«አላውቅም። በለው። አፍህን ሞልተህ በለውና ልስማው።»

አላለውም። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አለመናገሩ ከመናገሩ ባሰባት።

አንዲት ፊደል ናት። «ታ» ብትል ሁሉም ነገር ባበቃ ነበር። «የኔታ ሊሉኝ ነበር» ብትለው ይህ የምትወደው ሰው በእፍረት እግሯ ሥር በተደፋ። ፊደሏ ምላሷ ጫፍ ላይ መጥታ ቆመች። ቆባቸውን የደፉት ሽማግሌ እያለቀሱ «እኔ የለሁም ማለት ነው» ያሏት ትዝ አላት። እጇን አንስታ የማለችው ትዝ አላት። ፊደሏን ዋጠቻት፤ እንደ አጥንት እየወጋቻት ወረደች።

«አባትህን ጠይቅ» አለች።

«ጠየቅኩት። 'አላውቃትም' አለ። ሰማሽው አይደል?»

በሩን ከፍታ ወረደች። ልትወረውረው ፈልጋ ነበር፤ ግን ቀስ ብላ ዘጋችው።

መንገዱ ማዶ አባቷ አንድ ትልቅ ጎማ ላይ ተቀምጦ ከሌላ ጎማ ውስጥ ከመነዳሪውን፣ አየር የሚይዘውን ላስቲክ፣ ሲያወጣ አያት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተነሳ። «እህ፣ የባለጠጋ ምሳ እንዴት ነው? ጠገብሽ?»

«ጠገብኩ፣ አባዬ» አለችው። እውነቷን ነበር። እስከ አንገቷ ድረስ ጠግባለች።

*

ቅዳሜ ጠዋት በጎ ፈቃደኞቹ ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው የተገነጠሉ መጻሕፍት ሲሰፉ መሐንዲሱ ገባ። ለማንም ሰላም አላለም። የጣሪያውን መውጫ ቁልፍ አዋላጇ ፊት አስቀመጠ።

«ሥራ በዛብኝ፣ እማማ። ከእንግዲህ የምመጣ አይመስለኝም።»

«ጣሪያው ሲያፈስስ?»

«ሌላ ሰው ይገኛል።»

ቁምነገር አንገቷን ደፍታ መርፌዋን ታስገባለች፣ ታወጣለች። ጥላው ገጹ ላይ አረፈ፤ ቆመ። አንድ ቃል የሚላት መሰላት። ጥላው ተነሳና ሄደ። ጣቷን የወጋችው ገጹ ላይ ደም ስታይ ነው የታወቃት። እንዲህ በጎኗ አልፎ መሄድ የሚችል ሰው ነው ለካ! የገረማት ይህ ነው። ያ እጇ በብርድ ሲደርቅ በትንፋሹ የሚያሞቅላት ሰው፣ እንደ ወንበር አልፏት ሄደ።

አዋላጇ ወደ ጓዳዋ ወሰዷትና በሩን ዘጉ። «የዚህን ከተማ ግማሽ ሕዝብ በእግሩ ጎትቼ ያወጣሁ ሴት ነኝ። አፍሽን ባትከፍቺም ምጥ ላይ ያለ ሰው አውቃለሁ። ምንድን ነው?»

«የጓዳዋን ሕግ ብጥስስ፣ እማማ?»

ሴትየዋ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ከፈለግሽ አነሳልሻለሁ። ግን ቃል የገባሽው ለእኔ አይደለም። ለባለቤቱ ነው። ሂጂና እሱን ጠይቂው።»

*

ሰኞ የመሐንዲሱ አባት የጭነት መኪናዎች ግቢ ደረሰች። ግቢው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ መካኒኮች በቱታቸው ጭነት መኪና ሥር ተንጋለው ይጯጯሃሉ። ጸሐፊዋ ስታስገባት አባትየው ከወረቀት ክምር ጀርባ ተቀምጠው ነበር፤ መነጽራቸውን አድርገው፣ የማያነቡትን ወረቀት አፍጥጠው እያዩ። እሷን ሲያዩ ተነስተው በሩን ራሳቸው ዘጉ።

«ለስንት ሰው ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«አትዋሺኝ! ልጄ ከዚያን ቀን ጀምሮ አያናግረኝም። ዓይኔን አያይም። ምን ብትይው ነው?»

«ምንም። ምንም ስላላልኩት ነው።»

«እና ምን ሆነ?»

እንዴት ትበለው? ፊቷ ነደደ። «ያን ቀን... 'የኔ' ብለው አቆሙ። 'ታ' አላሉም። እሱ ሌላ ነገር መሰለው።»

«ምን ሌላ ነገር?»

«እርስዎና እኔ...» አለች፤ መጨረስ አቃታት።

ሽማግሌው አፍጥጠው አዩዋት፤ ከዚያ ነገሩ ፊታቸው ላይ ሲደርስ አየችው። ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ቁጭ አሉ። አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። «እኔን? አንቺን? ልጄ የምትሆኚውን?» አሉ በሹክሹክታ። «የገዛ ልጄ ይህን አሰበ? አንቺስ ይህን ሰምተሽ ዝም አልሽ?»

«ምዬልዎት አልነበር?»

በመስታወቱ ማዶ አንድ መካኒክ ሞተር አስነስቶ አጠፋ። ሽማግሌው ሲናገሩ ግን ፍርሃቱ እንደገና አሸንፏቸው ነበር። «ልጄ... ሱቅ ልክፈትልሽ። የራስሽ ሱቅ፣ ሌላ ከተማ። እሱ ይረሳል፣ አንቺም ትረሺያለሽ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሠራተኛዬ ሁሉ 'ፊደል አይለይም' እያለ እንዲስቅብኝ...»

ቁምነገር ቦርሳዋን ከፈተች። በጎ ፈቃደኞቹ ለጎልማሶች ያዘጋጁትን ቀጭን የንባብ መጽሐፍ አውጥታ ክምሩ ላይ አኖረችው።

«ለልጅዎ እንድነግረው ፈቃድዎን ልጠይቅ ነበር የመጣሁት። ይተዉት። 'ጨ' ላይ ነው ያቆምነው» አለች። መጽሐፉን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችው። «እኔን ማየት ካስጠላዎት ከሰዓት በኋላ አዋላጇ ያስቀጥሉዎታል። ብቻ ጀምረው እንዳይተዉት። ጎበዝ ነበሩ።»

ወጣች። ስትወጣ ዞር ብላ አላየችም። ብታይ ኖሮ ያንን ትልቅ ሰው መጽሐፏን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አስጠግተው፣ እንደተመታ ሰው ጎንበስ ብለው ታያቸው ነበር።

*

ቀጣዩ ቅዳሜ የመጻሕፍት ቀን ነው። ማኅበርተኞቹ አዲስ የተለገሱትን መጻሕፍት በየመደርደሪያው ሲደረድሩ፣ የባንክ ሠራተኛዋ ሕፃናቱን ሰብስባ ስታነብላቸው፣ የመግቢያው በር ተከፈተ። ሙሉ ልብስ የለበሱ ሽማግሌ ገቡ። ቆብ የለም። ከኋላቸው ሚስታቸው፣ ከሚስታቸው ኋላ በግድ የተጎተተ የሚመስለው መሐንዲስ።

«የመኪናዎቹ ባለቤት አይደሉም እንዴ?» አለ ሰዓት ጠጋኙ፤ በሹክሹክታ ነው ያለው፣ ግን አዳራሹ ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማው።

ሽማግሌው አዳራሹ መሃል ቆሙ። የያዙት ያቺን ቀጭን መጽሐፍ ነው። ቁምነገርን በዓይናቸው ፈልገው አገኟት።

«የኔታ» አሉ፣ ጮክ ብለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ክፍሉ ክፍት ነው?»

በእጇ የያዘችው መጽሐፍ አመለጣት። መሐንዲሱን አየችው። በቆመበት ቀርቷል፤ ከንፈሩ ብቻ ያቺን ቃል ድምፅ ሳያወጣ ሲደግማት ይታያል። የኔ... ታ። የኔታ። ከዚያ ደም ከፊቱ ጠፋ።

ጓዳዋ አራት ሰው አትችልም፤ ግን ገቡ። ሽማግሌው የተለመደችው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። መጽሐፉን ገለጡ፤ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር አኖሩ። ግንባራቸው ወዲያው ላብ አወጣ።

«ጨ... ጨረቃ... ወጣች» አሉ። «ጫ... ጫማው... ጨ... ጨቀየ። አጎቴ... ጫ-ማ-ውን... አጠበ።»

ትንሽ ቀልድ የሚመስል፣ ለሕፃን የሚሆን ዓረፍተ ነገር ነው። ማንም አልሳቀም።

«አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው?» አለ ልጁ። ድምፁ የሰው አይመስልም።

«እያነበብኩ ነው» አሉ። «በሕይወቴ አንብቤ አላውቅም። እዚህች ወንበር ላይ ነው ያወቅኩት። ያስተማረችኝም ይቺ ናት። 'የኔታ' ነው የምላት፤ ያን ቀንም እሱን ልል ነበር። ፈራሁና ዋጥኩት። የአንተ ዲግሪ የመጣ ቀን እኔ ነኝ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት። ስምህ የቱ ላይ እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር። ጎረቤት እየጠራሁ 'አንብቡ!' እላለሁ። ተገልብጦ ይሁን ቆሞ በምን አውቃለሁ?»

«ተገልብጦ ነበር» አሉ እናትየው።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ዞሩ።

«ተገልብጦ ነበር። በማግስቱ እኔ ነኝ ያቃናሁት።»

«አንቺ... ታውቂ ነበር?»

«ከተጋባን ጀምሮ አውቃለሁ።» እኚያ ድምፃቸው ከፍ የማይል ሴት ድምፃቸው እየተሰበረ ነበር። «መድኃኒትህን በቀለም እየለየሁ የማስቀምጥልህ ለምን መሰለህ? ጋዜጣውን ጠዋት ጠዋት ጮክ ብዬ የማነበውስ?»

«ድምፅሽን ስለምትወጂው ይመስለኝ ነበር» አሉ ሽማግሌው፣ ግራ እንደተጋባ ልጅ።

እናትየው ሳቁም አለቀሱም። «መቼ ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅህ አረጀሁ እኮ። ታፍራለህ ብዬ ነው እንጂ እኔስ አፍሬብህ አላውቅም። ማንበብ እንደማትችል አውቅ ነበር። ደጃችን ላይ ይቺን ልጅ 'አላውቃትም' ስትላት ግን፣ ምኗም እንደሆንክ ሳላውቅ፣ ውሸትህን መሆኑን አወቅኩ። ያን ቀን ነው የፈራሁህ።»

ሽማግሌው ሚስታቸውን አዩ፣ አዩ። ዕድሜውን ሙሉ በር ዘግቶ ኖሮ ከጀርባው መስኮቱ ክፍት እንደነበር የተነገረው ሰው ይመስሉ ነበር። ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ፤ በቁምነገር ፊት አንገታቸውን ደፉ።

«አባትሽን አዋረድኩ። አንቺን ካድኩ። አንቺ ግን ስምሽን አስረክበሽ የእኔን ጠበቅሽ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ። አባትሽንም ደጁ ድረስ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

እጃቸውን ያዘች።

*

መሐንዲሱ ከመደርደሪያዎቹ መሃል ያዛት። ያዛት ማለት አይቻልም፤ መንገዷ ላይ ቆመ እንጂ ሊነካት አልደፈረም።

«ቁምነገሬ...»

«እንደዚያ አትጥራኝ። ዛሬ አትጥራኝ።»

«ምን ልበል? ምን ብል ይበቃል? ምላሴን ብቆርጠው...»

«ምላስህ ምን አደረገ? እሱስ አልተናገረም። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።» እስካሁን ያልመጣው እንባ አሁን መጣ፤ አላበሰችውም። «የአባትህ 'አላውቃትም' አይደለም የጎዳኝ። እሳቸው ፈርተው ነው። አንተ ግን ታውቀኛለህ። ማን እንደሆንኩ፣ በምን እንደምስቅ፣ ምን እንደማላደርግ ታውቃለህ። እያወቅከኝ አንድ ቃል እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቅከኝም። እኔ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ስሰፋ፣ ይህን ሰው ለምን አምኜው ነበር እላለሁ። መልሱ ሲጠፋኝ ደግሞ ናፍቆቱ ይመጣል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ምን እንደሚመስል አታውቅም።»

አልተከራከረም፣ ሰበብ አልፈለገም። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሰሞኑን እንዳልተኛ ያስታውቃል። እሷን ሳያይ ያለፈበትን ቀን እያሰበ ሳይሆን አይቀርም፣ ፊቱ በየቅጽበቱ እንደ አዲስ ይደነግጣል።

«ይቅርታሽን ዛሬ አልጠይቅሽም» አለ በመጨረሻ። «አይገባኝም። ብቻ ደጁ ላይ ልቁም? ስትወጪ ልይሽ፣ ስትገቢ ልይሽ። ባታናግሪኝም።»

«ቁም ብዬ አላዝህም።»

«ልሂድ?»

አፏን ከፈተች። «ሂድ» ልትል ነበር፤ ቃሉ ተዘጋጅቶ ነበር፣ የሚገባውም ያ ነበር። አልወጣም። ከአዳራሹ የሕፃናቱ ሳቅ መጣ፤ ከጓዳዋ የሽማግሌው ድምፅ መጣ፤ ከሚስታቸው ጎን ተቀምጠው ጨረቃዋን እንደገና እያወጡ ነው። ቁምነገር መሐንዲሱን አየችው። ቸኩሎ እንደለበሰ ያስታውቃል፤ የሸሚዙ ኮሌታ ባንድ በኩል ወደ ውስጥ ታጥፏል።

እጇ ተነሳ። ማንም አላዘዘውም፤ ልቧ ገና አልታረቀም፣ አፏ ገና ይቅር አላለም። እጇ ግን ብቻውን ሄዶ ኮሌታውን አወጣ፣ አቃናው፣ በአውራ ጣቷ ጠፍጠፍ አደረገው።

የገዛ እጇን የሌላ ሰው ይመስል ትክ ብላ አየችው። ከዚያ የምሳ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ስትደነግጥ ነበር፤ እንደዚህኛው ግን የትኛውም አላስደነገጣትም። ለካ ገና ትወደዋለች።